ጎንበስ ያልኩባት ቅጽበት

መስከረም 20

ለውድ ልጄ ለችኩሏ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ እስክትገባ ድረስ በጤና የሚያቆይሽ አምላክ አስቀድሞ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ያመኛል እንጂ አልከዳኝም። ዕድሜ ልኬን የሰው ወለል ላይ ተንበርክኬ ሴራሚክ ሳነጥፍ ኖሬ ዛሬ አመመኝ ብዬ ባኮርፍ አያምርብኝም። የላክሽልኝ የጉልበት መከላከያ ደርሶኛል። አድርጌው ስወጣ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ጋሼ ለዋንጫ ሊጋጠሙ ነው ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስነሣ ግድግዳ አልይዝም፤ በተነሣሁ ቁጥርም አንቺን እመርቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ ብጠይቅሽ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ሳነሣ ድምፄ ይቆራረጣል፣ አንቺም ኔትወርኩ ይመስልሽና "ሃሎ፣ ሃሎ" ትያለሽ። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ሲቃ አያውቅም።

አክስትሽ፣ የትዳሬ ጓደኛ፣ ካረፈች እነሆ ዓመት ሊሞላት ነው። ያን ቀን እንዴት እንደነበረ ሰምተሻል፤ ጥያቄዬ እንዲገባሽ ግን ከሥሩ ልጻፈው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ላመጣላት ከክፍሏ ወጣሁ። እሷ በተኛችበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ከክፍሏ በር አጠገብ፣ አንዲት የላላች ሴራሚክ ነበረች። ከገባን ቀን ጀምሮ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በተረከዜ ሁለቴ መታ መታ ሳላደርጋት አላልፍም። ሥሯ ሲሚንቶ ያልያዘ ሴራሚክ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ ለእኛ ለአንጣፊዎች ይህ ድምፅ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ ነው፣ ዝም ብለሽ አትተዪውም። ያን ቀን ውሃውን ይዤ ስመለስ ድምፅዋ ተለየብኝ። ጎንበስ አልኩና ጠርዟን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አየኋት። ከዚያ ተነሥቼ ገባሁ። አክስትሽ ሄዳለች። ስልኳ ደረቷ ላይ ነበረች፤ ሰዓት ልታይ ፈልጋ ይሆናል ብያለሁ።

ነርሷ ትከሻዬን ይዛ "አባባ፣ በቅጽበት ነው፤ ምንም አልተሰማቸውም" አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ሌሎች ያጽናኑኝን ሁሉ ረስቼዋለሁ፣ ያ ቃል ግን አልለቀቀኝም። ቅጽበት ስንት ነው? እኔ ጎንበስ ካልኩበት ያጥራል ወይስ ይረዝማል? አጭር ከሆነ ብቻዋን አልቆየችም። ረጅም ከሆነ ግን እኔ ሴራሚክ ስነካካ እሷ በሩን እያየች ትጠብቀኝ ነበር ማለት ነው።

ካህኑን ጠየቅኳቸው፤ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። እሱ ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ። ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ ደግሞ ይህን ማሰብ ራስን መብላት ነው አለኝ። አንቺ ግን ጊዜን እስከ ብናኙ ድረስ የሚሰባብር ቤት ውስጥ እንደምትሠሪ አክስትሽ ለሰፈሩ ሁሉ ስታወራ ነው የኖረችው። "ችኩል ልጄ ለችኩል የሚስማማ ሥራ አገኘች" ትል ነበር። እስቲ ከሰከንድ በታች ያለውን ሁሉ ደርድረሽ ጻፊልኝ። ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

ጋሼሽ

ጥቅምት 14

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ይክበብዎ፤ ጉልበትዎን ይጠግንልዎ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንብቤ ወደ ውስጥ መግባት ስላቃተኝ ሰፈሩን ዞሬ ተመለስኩ።

ያለሁበትን ክፍል ልንገርዎት። ከምድር በታች ነው፣ መስኮት የለውም። መሐሉ ላይ ትልቅ የብረት ጠረጴዛ አለ፤ እግሮቹ ውስጥ አየር አለ፣ መሬቱ ሲነቃነቅ እሱ እንዳይነቃነቅ። በላዩ ላይ መስታወቶች ተደርድረዋል፣ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየነጠረ ይሄዳል። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ለስላሳ ነገር እናጠልቃለን። እዚህ ቤት ትልቁ ጠላት ኮቴ ነው። አለቃችን የሰው እርምጃ ሲሰሙ የልብ ድካም ያለባቸው ይመስል ደረታቸውን ይይዛሉ።

የጠየቁኝ እንዲህ ነው። አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ሚሊሰከንድ ይባላል። ሚሊው ለሺህ ሲከፈል ማይክሮ፣ ማይክሮው ለሺህ ሲከፈል ናኖ፣ ከዚያ ፒኮ፣ ከዚያ ፌምቶ፣ ከዚያ አቶ። ከአቶ በታችም ዜፕቶና ዮክቶ አሉ፤ እዚያ ግን እኛም አልደረስንም። እርምጃው ሁልጊዜ ሺህ ነው። አንድ ደረጃ በወረዱ ቁጥር ሺህ።

በእርስዎ ቋንቋ ልሞክር። ብርሃን ያንን ሠላሳ በሠላሳ የሆነ ሴራሚክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ አንድ ናኖሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በሁለት ሴራሚክ መካከል የሚተዉትን ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ደግሞ በዐሥር ፒኮሰከንድ ያህል ይሻገረዋል። በአቶሰከንድ ሲሆን ግን ከጥቂት አቶሞች አያልፍም። በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ያሉት አቶሰከንዶች፣ ምሁራኑ እንደሚቆጥሩት ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ካለፉት ሰከንዶች እጥፍ በላይ ናቸው።

ቅጽበት የሚባል መለኪያ ግን እኛ ዘንድ የለም፣ ጋሼ። የዓይን ጥቅሻን ለክተነዋል፤ ቅጽበትን አልለካነውም።

የእትዬን ስልክ አሁንም ይዘዋታል? ትሠራለች?

ችኩሏ ልጅዎ

ኅዳር 9

ለልጄ ለችኩሏ፣

ቸሩ አምላክ ኮቴ ከማይሰማበት ቤትሽ በሰላም ያስገባሽ፣ በሰላም ያስወጣሽ። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ባትሪዋ ሞቷል፣ አልነካኋትም። ለምን ጠየቅሽኝ?

የጻፍሽልኝን የሴራሚክ ካርቶን ጀርባ ላይ በእርሳስ ገልብጬ ሳጠናው ሰነበትኩ። "አቶ" የምትለዋ ጣፈጠችኝ። ከደረሳችሁባቸው ሁሉ ትንሿ ሆና ከሁሉ የተከበረች። እዚህ ሰው አቶ ለመባል ስንት ይደክማል። አብረውኝ የሚሠሩትም ለምሳ ስንቀመጥ ገብቷቸው፣ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰውዬ ሲዘገይ "ቶሎ በል እንጂ፣ በሚሊ አይደለም፣ በአቶ" ይሉታል።

ሂሳቡን ግን አንድ ቦታ ላይ ሳትኩ መሰለኝ። አንድ ናኖ ስንት ፒኮ ነው ብዬ፣ ፒኮ ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ቁጥሩም ትንሽ መሆን አለበት ብዬ ለሺህ አካፈልኩት። ከዚያ ወደ ፌምቶ ሳወርደው እንደገና አካፈልኩት። መጨረሻ ላይ የእኔ ጎንበስ ማለት ዜሮ ከነጥብ ኋላ ተሰልፎ ተሰልፎ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ደስ ልሰኝ አልኩና አልቻልኩም። ነፃ ያወጣኝ ሂሳብ ልክ አልመሰለኝም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እኛ ሴራሚክን ከሴራሚክ አናጣብቅም። መካከሉ ክፍተት ካልተተወለት ሙቀት ሲመጣ ይገፋፋና ይሰነጠቃል። ክፍተቱን በኋላ በነጭ ሲሚንቶ እንሞላዋለን። በአንዷ አቶሰከንድና በቀጣይዋ መካከልስ ክፍተት አለ? ካለ ምንድነው የሚሞላው? አክስትሽ በክፍተት ውስጥ የወደቀች እየመሰለኝ ነው የምጠይቅሽ።

ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ሲያየኝ ትሑት ነው ይለኛል። አክስትሽ ነበረች የምታውቀኝ። "እንዳትሸወዱ፣ ወለል ሊያይ ነው" ትላቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያን እንኳ ስሰግድ ጆሮዬ ላይ "ጨርሰህ ቆጠርካቸው?" ትለኛለች። እንግዲህ በመጨረሻው ሰዓትም ከእሷ ፊት ወለል አስቀድሜ ሄድኩ።

መልስሽ አይዘግይብኝ።

ጋሼሽ

ጥር 17

ለማከብርዎ ጋሼ፣

የዘገየሁት ረስቼዎት አይደለም፤ ይቅርታዎን በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምናለሁ፣ ያለ ጉልበት መከላከያ። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። አሁንም የምጽፈው ግማሹን ብቻ ነው።

ሂሳቡ ተገልብጦብዎታል። እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እኔም እዚህ እንደገባሁ ፌምቶውን ወደ አቶ ስቀይር አካፍዬ አለቃችን ፊት በኀፍረት ቀልጬ ነበር። እንዲህ ያስቡት። ለአንድ ክፍል ትልልቅ ሴራሚክ ሲያነጥፉና ጥቃቅን ሴራሚክ ሲያነጥፉ የትኛው ብዙ ፍሬ ይፈልጋል? ክፍሉ ያው ነው። ፍሬው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል። አንድ ናኖ ሺህ ፒኮ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ያባዛሉ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ያካፍላሉ።

ስለ ክፍተቱ እውነቱን ልንገርዎት፤ አናውቅም። እስከዛሬ በለካንበት ሁሉ ክፍተት አላገኘንም። ያየነው ሁሉ ጊዜ እንደ ፈሰሰ ውሃ ያለ ስፌት መሄዱን ነው። ከዚያ በታች ያለውን የሚያውቀው ካህኑ ያሉት ነው።

ግማሹን በሌላ ጊዜ። አይቀየሙኝ።

ችኩሏ

የካቲት 3

ለልጄ ለችኩሏ፣

ፈጣሪ አንደበትሽን ይፍታልሽ፣ ለእኔም ትዕግሥቱን ይስጠኝ። ግማሹ ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ሰው ሊናገር የፈለገውን ጎትተው ሲያወጡበት ይሰበራል፤ ሴራሚክም እንዲሁ ነው።

ስለ ጥቃቅኑ ሴራሚክ ስታነሺ ብቻዬን ሳቅኩ። አንዲት ዶክተር መታጠቢያ ቤቷን ጥፍር በሚያህሉ ሴራሚኮች አስጊጥልኝ ብላ፣ እኔም ትንሽ ናቸው ቶሎ ያልቃሉ ብዬ በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ ስላት፣ ስንት ሳምንት እንደተንበረከክኩ አክስትሽ እስክትሞት ድረስ ለእንግዳ ታወራው ነበር። ያኔ የተማርኩትን አሁን በወረቀት ላይ ረሳሁት። አሁን አልስትም። በካርቶኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አባዝቼ፣ ከታች እስከ ላይ አካፍዬ ተመለስኩ፤ ቁጥሩ ወደ ቤቱ ገባልኝ። አመሰግንሻለሁ። ሽማግሌ ማስተማር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ መሄድ ነው፣ አንቺ ግን ሳትሰምጪ አለፍሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሆስፒታሉ ያንን ኮሪደር ሊያድስ ነው። አስተዳዳሪው ዘንድ ገብቼ እኔ ላንጥፈው አልኩ። ነርሶቹ ያን ሁሉ ጊዜ አክስትሽን ሲያገላብጡ፣ እኔንም ወንበር ላይ ስተኛ ብርድ ልብስ ሲደርቡልኝ፣ እጄ ባዶ ነበር። በእጄ የማውቀው ይህንኑ ነው። እሺ አሉኝ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንጀምራለን፤ ያቺን ሴራሚክ ማንም ሳይሆን እኔ ራሴ ነኝ የምነቅላት።

ስነቅላት ልቤ ንጹሕ ቢሆንልኝ እወድ ነበር። ካልሆነም ጥያቄዬን ከሥሯ ቀብሬ ሲሚንቶ አለብሰዋለሁ።

ጋሼሽ

የካቲት 19

ጋሼ፣

ይህን የምልከው ወደዚያ በምትመጣ ሴትዮ እጅ ነው፣ ፖስታ እንዳይዘገይብኝ። ሰላምታዬን አሳጠርኩ፤ ችኩል ነኝ፣ ያውቁኛል። ሴራሚኳን ሳይነቅሉ ይድረስዎት።

እትዬ ሰዓት ልታይ አልነበረም ስልኩን የያዘችው። ከእኔ ጋር እያወራች ነበር። እርስዎ ለውሃው እንደወጡ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደክሟል፣ ወሬዋ ግን የተለመደው ነው። የአጠገቧ ሕመምተኛ እንዴት እንደምታንኮራፋ ነገረችኝ። ከዚያ ቆም አለችና "መጣ" አለች። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። "ዛሬም መታት። አሁን ጎንበስ ብሎ ያያታል፣ ሳያያት አያልፍም" አለችኝ። እኔም ጥሪያቸው፣ ይግቡ አልኳት።

"ተይው፣ ይያት። ወለል ሲያይ ነው ደስ የሚለው" አለች።

ሳቀች። የእሷን ሳቅ ያውቁታል፣ በአፍንጫዋ የምትስቀውን። ከዚያ ዝም አለች። ሃሎ አልኩ። ኔትወርክ ነው ብዬ እንደገና ሃሎ አልኩ። ከዚያ ፔርሙዙ ብረት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ከዚያ እርስዎ ሲጠሯት ሰማሁ። መስማት የማይገባኝ መሰለኝና ዘጋሁት።

ለምን እንዳልነገርኩዎት ልንገርዎት። እርስዎ ከአጠገቧ ሳይለዩ ከርመው፣ የመጨረሻዋ ቃል ለእኔ፣ ያውም በስልክ፣ መጣች። የእርስዎን ድርሻ በእጄ ይዤ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። እየሰነበተ ሲሄድ ደግሞ መናገሩ ባሰብኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ያንን ጥያቄ ሳነብ ሰፈሩን የዞርኩት ለዚህ ነው። ከሰከንድ በታች ያለውን ሁሉ ደርድሬ የጻፍኩልዎትም እሱን ላለመጻፍ ነው።

ድምፅ እንደ ብርሃን አይሮጥም፣ ጋሼ። አንድ ሴራሚክ ለማቋረጥ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ቢዘገይም ደርሷታል። የት እንደነበሩ፣ ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቅ ነበር።

ችኩሏ ልጅዎ

መጋቢት 11

ለልጄ፣ ጆሮዋ ለተባረከችው፣

አምላክ የሰማሽውን ያህል ዘመን ደስታ ያሰማሽ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ያመጣችልኝ እዚያው ኮሪደር ላይ ነው፤ የሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰውዬ ምን ሆነው ነው ብሎ ቆመብኝ፤ ደህና ነኝ፣ ሚስቴ እየሳቀችብኝ ነው አልኩት። ብዙ አልጠየቀኝም። አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥቶልኝ ወደ ሥራው ሄደ፤ እሱንም አመሰገንኩት።

የእኔን ድርሻ ይዘሽ አልቀረሽም። ጠበቅሽልኝ እንጂ። ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ለቅሶው ውስጥ ይጠፋብኝ ነበር። አሁን ግን ቁጭ ብዬ፣ ተረጋግቼ፣ ቃል በቃል ተቀበልኩት። ስለዚህ ከእንግዲህ ይህን ነገር ራስሽ ላይ አትጫኚው።

ቅጽበት ስንት ነው ብዬሽ ነበር። ሁለት ሃሎ ናት። ለእኔ ይበቃኛል።

ከዚያ ተንበርክኬ ያቺን ሴራሚክ ነቀልኳት። በቀላሉ ወጣች። ሥሯን ሳይ ያነጠፋት ሰው ሲሚንቶውን አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጎ መሐሉን ባዶ ትቶታል። በሽተኛ ሊያደናቅፍ የሚችል ሥራ ነው፤ ዓመት ሙሉ ያንን ሰው በልቤ ስሰድበው ኖሬያለሁ፤ ሰነፍ፣ ሆዳም፣ ሲሚንቶ የሚሰስት እያልኩ። መጥፎነቱ አሁንም መጥፎ ነው። ነገር ግን እሱ ባይሰስት እሷ አትሰማኝም ነበር። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም። ማታ ማታ ስጸልይ ከአንቺ ቀጥሎ አስገባዋለሁ።

ከሴራሚኳ እስከ አልጋዋ ራስጌ ዐሥር ሴራሚክ ይሆናል። እንግዲያው ድምፄ ዐሥር ሚሊሰከንድ ሄዶ ነው የደረሳት። ወደ ታች ሲወርዱ ያባዛሉ ብለሽኛል፤ አባዛሁ። ወደ አቶ ሲደርስ አንድ ይጻፍና ዐሥራ ስድስት ዜሮ ይከተለዋል። ከተሳሳትኩ ንገሪኝ፤ ግን የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እያንዳንዷን አቶሰከንድ ተመስገን ብዬ ልሸኛት ብነሣ ዕድሜዬ አይበቃም። ስለዚህ ቁጥሩን በእርሳስ እወለሉ ላይ፣ ሴራሚኳ ከምትገባበት ሥር ጻፍኩትና ተመስገን ብዬ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ሞልቼ፣ ማዕዘኑንም መሐሉንም ሞልቼ፣ አዲሷን አስቀመጥኩበት። በላስቲክ መዶሻዬ ቀስ አድርጌ አረጋጋኋት። አሮጌዋ ቤት መጥታለች፤ መስኮቴ ላይ አቆምኳት።

ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ትናንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። አክስትሽ አልጋ ላይ አሁን ሌላ ሴት ተኝታለች። ባሏ መነሣት ፈርቶ ተቀምጦ ስላየሁት ሙቅ ውሃ እኔ ላምጣ ብዬ ፔርሙዛቸውን ወስጄ ነበር። ስመለስ በሩ አጠገብ እንደ ልማዴ ሴራሚኳን በተረከዜ ሁለቴ መታኋት። ዝም አለች። ሥራው ጥሩ ነው ማለት ነው።

ጎንበስ ብዬ አላየኋትም። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ገባሁ።

ጋሼሽ፣ ወለል ተመልካቹ